ከፍተኛ ቮልቴጅ በስስ አየር፦ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የመገናኛ ኃይል ታሪክ

ራዲዮ ሲነሣ ሰው የሚያስታውሰው ድምፁን ነው፤ ሳተላይት ሲባል ደግሞ ፊቱን ወደ ሰማይ ያቀናው ትልቅ ሳህን በዓይነ ኅሊናው ይመጣበታል። ከድምፁም ሆነ ከሳህኑ በስተጀርባ፣ በብረት ሣጥን ተዘግቶ በሩ ላይ የራስ ቅል ምልክት የተለጠፈበትን ክፍል ግን ከባለሙያው በቀር የሚያስበው የለም። ይህ ክፍል ከመስመር የሚመጣውን ተለዋዋጭ ጅረት ተቀብሎ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ወዳለው ቀጥተኛ ጅረት፣ ባለሙያው በአጭሩ ዲሲ ወደሚለው፣ የሚቀይረው የኃይል መለወጫ ነው። ማሠራጫ ጣቢያ ከመብራት ኃይል የሚገዛው ኪሎዋት በሙሉ በዚህ ሣጥን ያልፋል፤ ከዚያም ውስጥ ምን ያህሉ ሞገድ ሆኖ እንደሚወጣና ምን ያህሉ ሙቀት ሆኖ እንደሚባክን በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያው ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት ከተሞች ደግሞ የዚህ መለወጫ ታሪክ በሌላው ዓለም ከተጻፈው የሚለይበት አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም የሥፍራው ከፍታ ነው።

ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ቡራዩና ሱሉልታ 2,600 ሜትር ግድም ናቸው። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሬድሪክ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳስረዳው፣ በሁለት የብረት ጫፎች መካከል ያለ አየር ብልጭታ ሳያሳልፍ ምን ያህል ቮልቴጅ ሊችል እንደሚችል የሚወስነው የክፍተቱ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ርዝመቱ በግፊቱ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነው። አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሮኑ ከሌላ ቅንጣት ጋር ሳይጋጭ ረዘም ያለ መንገድ ይሮጣል፤ በሮጠ ቁጥር ጉልበት ያከማቻል፤ ሲጋጭም ሌላ ኤሌክትሮን ነቅሎ ያስከትላል። ስለዚህ በባሕር ወለል 30 ኪሎ ቮልት ገደማ የሚችል አንድ ሳንቲ ሜትር የአየር ክፍተት በሱሉልታ ከ22 ወይም ከ23 ብዙም አያልፍም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ከ1,000 ሜትር በላይ ለሚተከሉ የከፍተኛ ቮልቴጅ መሣሪያዎች የማረሚያ ስሌት ያወጣው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ስሌቱ በ2,600 ሜትር ላይ 22 በመቶ ያህል ተጨማሪ የመቋቋም አቅም ይጠይቃል።

ስስነቱ የሚጎዳው መከላከያውን ብቻ አይደለም። ያው አየር የመሣሪያው ማቀዝቀዣ ጭምር ነው። ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት በየትኛውም ከፍታ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚገፋው አየር ክብደት ግን በከፍታ ይቀንሳል፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚሄደው ደግሞ ክብደቱ ነው። የከፍተኛ ቮልቴጅ ዲሲ ታሪክ በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ የሚመላለሰው በእነዚህ ሁለት ችግሮች መካከል ነው።

በጥንቱ ዘመን ችግሩ አልታወቀም ነበር፤ ቮልቴጁ ገና አልደረሰበትምና። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ ጀምሮ ወደ ሐረር የተዘረጋው የቴሌግራፍና የቴሌፎን መስመር ባትሪ ብቻ የሚበቃው ሥራ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው ራዲዮ ሲመጣ ነው። አንሳልዶ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ በአቃቂ የሠራውና በ1927 ዓ.ም. በይፋ የተመረቀው የራዲዮ ጣቢያ በመዲናይቱ አካባቢ የቫልቭ አስተላላፊ ዘመንን ከፈተ። የአስተላላፊ ቫልቭ አኖድ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ካልቀረበለት አይሠራምና፣ ከዚያ ወዲህ የከፍተኛ ቮልቴጅ ዲሲ ጥበብ የኢትዮጵያውያን ቴክኒሻኖች የዕለት ሥራ ሆነ።

የእውነተኛው መጠን ለውጥ ግን የታየው ከሰበታ በስተደቡብ፣ ወደ አዋሽ በሚወርደው ሜዳ ላይ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ በጌጃ ደራ የተተከሉት ሁለት አጭር ሞገድ አስተላላፊዎች እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ነበሩ። ከአማርኛ ሌላ በስዋሂሊ፣ በሐውሳ፣ በማላጋሲ፣ በፋርስኛ፣ በሂንዲና በሌሎችም ቋንቋዎች የሚተላለፈው ዝግጅት ከዚህ ሜዳ እየተነሣ አህጉር አቋርጧል። ጣቢያው መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ፤ የጌጃም አስተላላፊ ጣቢያ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያን ራዲዮ በአጭር ሞገድ ሲያሰማ ቆይቷል። የጣቢያው ስምና የዝግጅቱ ይዘት ሲለወጥ የፊዚክሱ ሕግ አልተለወጠም፤ ፕሮግራሙ ስብከት ይሁን ዜና ቫልቩ የሚጠይቀው ያንኑ ዲሲ ነው።

100 ኪሎዋት ሞገድ ለማውጣት ምን ያህል ዲሲ እንደሚያስፈልግ በምሳሌ ማስላት ይቻላል። የመጨረሻው ቫልቭ 11 ኪሎ ቮልት የሚቀርብለት ቢሆንና 12 አምፔር ቢስብ 132 ኪሎዋት ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ሞገድ ሆኖ ወደ አንቴና ይሄዳል፤ የቀረው በአኖዱ ላይ ሙቀት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ በስሕተት የሚነገር አንድ ነገር አለ። የድሮው መለወጫ ኃይል ያባከነው ሬክቲፋየሩ ኋላ ቀር ስለ ነበረ ነው ይባላል። ሒሳቡ ግን ይህን አይደግፍም። አሜሪካዊው ፒተር ኩፐር ሂዊት እ.ኤ.አ. በ1902 የፈለሰፈው የሜርኩሪ ሬክቲፋየርና ከእርሱ በኋላ የመጡት የሜርኩሪ ትነት ቫልቮች ጅረት ሲያሳልፉ የሚያስቀሩት ቮልቴጅ 15 ቮልት ያህል ነው። ሁለቱ በተከታታይ ቢቆሙ 30 ቮልት ይሆናል፤ ከ11,000 ቮልት ጋር ሲነጻጸር ሦስት ሺሐኛ እንኳ አይሞላም። ከእ.ኤ.አ. 1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የሜርኩሪውን ቦታ የወሰደው የሲሊኮን ዳዮድ እያንዳንዱ አንድ ቮልት ያህል ብቻ ቢያስቀርም፣ ለ11 ኪሎ ቮልት ሲሆን ከ20 በላይ ዳዮዶችን በተከታታይ መደርደር ያስፈልጋል፤ ሲደመር ያው ሃያ ምናምን ቮልት ነው። ሲሊኮን ያሸነፈው በቁጠባ ሳይሆን በጠባዩ ነው። የሜርኩሪ ቫልቭ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሞቅ ይፈልጋል፤ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ጅረቱ ወደ ኋላ ይፈነዳበታል፤ ከመጠን በታች ሲቀዘቅዝ ካቶዱ ይጎዳል። በደጋው የኅዳርና የታኅሣሥ ጧት፣ ሣሩ ላይ አመዳይ ተነጥፎ በሚያድርበት አገር፣ ይህ ጠባይ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ኃይሉ የት ይባክን ነበር? መልሱ በሞዱሌተሩ ላይ ነው። በዘመኑ ደንብ ድምፁን በሞገዱ ላይ የሚጭነው ሁለት ትላልቅ ቫልቮች ያሉት ሌላ አምፕሊፋየር ነበር፤ ይህም ለድምፅ የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ ከሙሉው ዲሲ ላይ እየቀነሰ የሚያስተካክል፣ የቀነሰውንም በአኖዱ ላይ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ነው። የአስተላላፊው ጠቅላላ ብቃት 55 በመቶ ነው ብንል፣ 100 ኪሎዋት ሞገድ ለማውጣት ከመስመሩ 182 ኪሎዋት ይወሰዳል፤ 82ቱ ሙቀት ነው። ከዚህ ሙቀት ግማሹ እንኳ በአየር የሚወጣ ቢሆንና አየሩ በ15 ዲግሪ እንዲሞቅ ቢፈቀድ፣ በባሕር ወለል በሴኮንድ 2.2 ሜትር ኩብ አየር ይበቃል፤ በጌጃ ከፍታ 2.8 ያህል፣ በሱሉልታ ወደ 3 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ አየር ከየት ይመጣል? ከውጭ ነው። በበጋ ወራት የአዋሽ ሜዳ አየር ንጹሕ አይደለም፤ የታረሰ መሬት ትቢያ፣ የአውድማ ገለባና ብናኝ ይዞ ይመጣል፤ ማጣሪያው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ደቃቁ ያልፋል። የዲሲ ጠባይ ደግሞ ከተለዋዋጩ ጅረት የከፋ ነው። ተለዋዋጩ በየቅጽበቱ አቅጣጫውን ስለሚቀይር ብናኙን ሲስብም ሲገፋም ይውላል፤ ዲሲ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ስለሚስብ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመው የሸክላ ስኒ ቀስ በቀስ የትቢያ ካባ ይለብሳል። ካባው ደረቅ ሆኖ ሳለ ችግር የለውም፤ የመጀመሪያው የዝናብ እርጥበት ሲደርስ ግን ጅረት በላዩ መሮጥ ይጀምራል። እንግዲህ ሰንሰለቱ ይህ ነው፦ የኃይል ብክነት ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ አየር ይጠይቃል፤ አየሩ ትቢያ ያመጣል፤ ትቢያው በዲሲው ስኒ ላይ ይከማቻል፤ አስቀድሞ በከፍታው ምክንያት አቅሙ የቀነሰው መከላከያ በብልጭታ ይረታል። በወላይታ ሶዶና በኬንያው ሱስዋ መካከል ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተዘረጋውና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የንግድ አገልግሎት የጀመረው የ500 ኪሎ ቮልት ዲሲ መስመርም ቢሆን ከዚህ የስኒ ጣጣ ነፃ አይደለም።

ለመለወጫው የሚቀርበው ኃይል ራሱ የሚደርስበት መንገድም ታሪክ አለው። ከቡራዩ አጠገብ የሚገኘው ገፈርሳ በአዲስ አበባ ሕዝብ ዘንድ የሚታወቀው በመጠጥ ውኃው ግድብ ነው፤ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ግን ገፈርሳ ማለት እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ከጀመረው የፊንጫ ማመንጫ የሚነሣው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በጌዶ በኩል መጥቶ የሚያርፍበት ጣቢያ ነው። ኃይል ከሩቅ ሲመጣ ከጭነት ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። አሮጌው መለወጫ በቀጥታ ከትራንስፎርመሩ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ መስመሩ በ10 በመቶ ሲወርድ የአኖዱም ቮልቴጅ በ10 በመቶ ይወርዳል። ለራዲዮ ይህ የድምፅ መድከም ብቻ ነው። ለሳተላይት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሱሉልታ ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

የሱሉልታ የሳተላይት ምድር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1979 አገልግሎት ሲጀምር ኢትዮጵያ በኢንተልሳት አማካይነት ከዓለም ጋር የምትነጋገርበት በር ተከፈተ። በዚያ ዘመን በተሠሩ የኢንተልሳት ጣቢያዎች ወደ ሰማይ የሚላከው በ6 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ያለ ሞገድ ነው፤ ይህን የሚያጎላው መሣሪያ ክላይስትሮን ወይም ሩዶልፍ ኮምፕፍነር እ.ኤ.አ. በ1943 በእንግሊዝ አገር የፈለሰፈው ተጓዥ ሞገድ ቱቦ ነው። ተጓዥ ሞገድ ቱቦ እጅግ ለስላሳ ዕቃ ነው። በውስጡ የኤሌክትሮን ጨረር በቀጭን ጠመዝማዛ ሽቦ መካከል ያልፋል፤ የጨረሩ ፍጥነት ከሞገዱ ጉዞ ጋር መግጠም አለበት፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ደግሞ 10 ኪሎ ቮልት ግድም የሚሆነው የዲሲ ቮልቴጅ ነው። ቮልቴጁ በጥቂቱ ሲንቀጠቀጥ የሚወጣው ሞገድ ምዕራፉን ይስታል፤ ይህም በመቶ በሚቆጠሩ የቴሌፎን መስመሮች ላይ በአንድ ጊዜ ጉርምርምታ ሆኖ ይሰማል። ከጌጃው ቫልቭ ያላነሰ ቮልቴጅ እየተፈለገ፣ ጥራቱ ግን ከእርሱ እጅግ የላቀ መሆን ነበረበት።

ጥራቱን ለማምጣት የድሮው መላ አንድ ነበር፤ ትልቅ ካፓሲተር። የሦስት ፌዝ ሬክቲፋየር በሴኮንድ 300 ጊዜ የሚርገበገብ ዲሲ ይሰጣል፤ ያን ርግብግቢት ለማስተኛት፣ ለምሳሌ 20 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በ11 ኪሎ ቮልት ቢሞላ የሚያከማቸው ጉልበት 1,210 ጁል ይሆናል። በቱቦው ውስጥ ብልጭታ በተነሣ ጊዜ ይህ ሁሉ በዚያ ቀጭን ጠመዝማዛ ላይ ቢፈስ ቱቦው ያበቃለታል። ስለዚህ ብልጭታ ሲታወቅ ካፓሲተሩን በሌላ መንገድ ወደ መሬት የሚያፈስ አጣዳፊ አጭር ማገናኛ ይገጠም ነበር። ማገናኛው በትክክል መሥራቱ የሚረጋገጠው በፀጉር ቅጥነት ያለ የመዳብ ሽቦ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ሆን ብሎ ከመሬት ጋር በማገናኘት ነው፤ ሽቦው ከተረፈ ቱቦውም ይተርፋል። ማገናኛው ራሱ በአየር ላይ የሚሠራ የብልጭታ ክፍተት ከሆነ ደግሞ በሱሉልታ ከፋብሪካው ባነሰ ቮልቴጅ ይነሣል፤ ያለ አንዳች ብልሽት ጣቢያውን ያጠፋል። በፋብሪካው ልክ የነበረው ዕቃ በከፍታው ላይ ልክ መሆኑ ይቀራል።

ከዚህ አጣብቂኝ ያወጣው ፈጣን ስዊች ነው። የመስመሩን ኃይል አስቀድሞ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ወደ ዲሲ ለውጦ፣ ያን ዲሲ በትራንዚስተር በሴኮንድ 20,000 ጊዜ እየቆረጡ በትንሽ የፌራይት ትራንስፎርመር ከፍ ማድረግና እንደገና ወደ ዲሲ መመለስ። የሚወጣው ርግብግቢት አሁን 40,000 በሴኮንድ ነው፤ ከ300 ጋር ሲነጻጸር 133 ጊዜ ይፈጥናል። ካፓሲተሩም በዚያው ልክ ወደ 0.15 ማይክሮ ፋራድ ይወርዳል፤ የሚያከማቸው ጉልበት ከ1,210 ወደ 9 ጁል ገደማ ይሆናል። ብልጭታ ቢነሣ ስዊቹ በማይክሮ ሴኮንዶች ውስጥ ስለሚቆም ከባዱ ማገናኛ ራሱ አላስፈላጊ ወደ መሆን ይቃረባል። መስመሩ ከፍና ዝቅ ቢልም ስዊቹ የሚከፈትበትን ጊዜ እያሳጠረና እያስረዘመ ውጤቱን ያጸናል።

ነገሩ ግን በወረቀት ላይ እንደሚታየው የቀለለ አልነበረም። ከ300 ቮልት ወደ 10 ኪሎ ቮልት ለመውጣት ትራንስፎርመሩ 33 እጥፍ ማሳደግ አለበት፤ በከፍተኛው ወገን ያለው ጥቅል ሽቦ ደግሞ ብዙ ዙር ስላለው እርስ በርሱ የተደበቀ ካፓሲተር ይሠራል። ይህ ድብቅ ካፓሲተር ወደ ዝቅተኛው ወገን ሲታይ በ33 ካሬ፣ ማለትም ከ1,000 እጥፍ በላይ ገዝፎ ነው። 100 ፒኮ ፋራድ የነበረው 0.11 ማይክሮ ፋራድ ይሆናል፤ በ20 ኪሎ ኸርዝ በ300 ቮልት 4 አምፔር ያህል ያለ ሥራ እየተመላለሰ ስዊቹን ያሞቃል። ብዙ ነዳፊዎች ይህን ካፓሲተር ለማጥፋት ደከሙ፤ ጥቅሉን በክፍል በክፍል ከፋፈሉ፤ በንብርብሮቹ መካከል ርቀት ጨመሩ። በመጨረሻ የተሻለው መንገድ የተገኘው እርሱን ማጥፋት ሳይሆን ሥራ መስጠት ነው ተብሎ ሲታሰብ ነው፦ ድብቁን ካፓሲተር ከትራንስፎርመሩ ድብቅ ኢንዳክታንስ ጋር አስተጋቢ ወረዳ አድርጎ፣ ስዊቹ ጅረቱ ወይም ቮልቴጁ ዜሮ በሚሆንበት ቅጽበት እንዲከፈትና እንዲዘጋ ማድረግ። የዚህ ዘመን የተጓዥ ሞገድ ቱቦ ኃይል መለወጫዎች ከ90 በመቶ በላይ ብቃት ያገኙት በአብዛኛው በዚህ ዘዴ ነው። በመሐንዲስነት ሥራ ከተደረጉ ብልሃቶች ሁሉ ይህን ያህል የሚያረካ ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይኸው የስዊች ሐሳብ ወደ ትልቁ ራዲዮም ተሻገረ። ብራውን ቦቬሪ የተባለው የስዊስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሞዱሌተሩንና ከፍተኛውን የዲሲ ምንጭ አንድ የሚያደርግ መለወጫ አወጣ። በአንድ የ11 ኪሎ ቮልት ሬክቲፋየር ፋንታ፣ ለምሳሌ 32 ትናንሽ ደረጃዎች እያንዳንዳቸው 700 ቮልት ይሰጣሉ፤ ሁሉም በተከታታይ ሲቆሙ 22.4 ኪሎ ቮልት ይሆናል፤ ይህም ለሙሉ ሞዱሌሽን የሚያስፈልገው የ11 ኪሎ ቮልት እጥፍ ነው። ድምፁ ከፍ ሲል ብዙ ደረጃዎች ይበራሉ፤ ዝቅ ሲል ይጠፋሉ። ቮልቴጅ ቀንሶ በሙቀት የሚያባክን ቫልቭ የለም። የአስተላላፊው ጠቅላላ ብቃት ከ55 ወደ 70 በመቶ ከፍ ቢል ለ100 ኪሎዋት ሞገድ ከመስመር የሚወሰደው ከ182 ወደ 143 ኪሎዋት ይወርዳል፤ በቀን 10 ሰዓት ለሚሠራ ጣቢያ ልዩነቱ 390 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው።

ከሒሳቡ ይልቅ ለእነዚህ ከተሞች የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ሙቀቱ ሲያንስ ሣጥኑን መዝጋት ይቻላል። ከ10 ኪሎዋት መለወጫ የሚባክነው አንድ ኪሎዋት ከሆነ ከፍተኛው ወገን በዘይት ወይም በሲሊኮን ሙጫ ተደፍኖ፣ ሙቀቱ በግድግዳው በኩል ሊወጣ ይችላል፤ ቮልቴጁ አየሩን አያገኘውም፤ ብናኙም አይገባም። በዘይት ውስጥ ያለ ክፍተት ስለ ከፍታ ምንም አያውቅም። በካታሎግ ላይ ብቃትና መከላከያ በሁለት የተለያዩ መስመሮች ይጻፋሉ፤ በሱሉልታ ኮረብታ ላይ ግን ጉዳዩ አንድ ነው፤ ቆጣቢ መለወጫ ከማይቆጥበው ይልቅ ለመዝጋት የተመቸ ነውና።

ሲሊኮኑ ግን በዘይትም ውስጥ ሆኖ ከከፍታው የማያመልጥበት አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጀርመን አገር ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚችሉ የሲሊኮን ስዊቾች ያለ ምክንያት እየተቃጠሉ ሲያስቸግሩ፣ መሐንዲሶቹ ዕቃዎቹን ጥልቅ በሆነ የጨው ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አስገብተው ፈተኗቸው። ከመሬት በታች ሳሉ መቃጠሉ ቆመ፤ ወደ ላይ ሲመለሱ ቀጠለ። ጥፋተኛው ከጠፈር የሚመጣው ጨረር በከባቢ አየር ውስጥ የሚፈለፍለው ኒውትሮን ሆኖ ተገኘ። ከራስ በላይ ያለው አየር ሲሳሳ ኒውትሮኑ ይበዛል፤ በምድር ወገብ አካባቢ የምድር ማግኔት የተወሰነውን ቢመልስም በ2,600 ሜትር የሚወርደው ከባሕር ወለሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መድኃኒቱ ስዊቹን ከስሙ ዝቅ ባለ ቮልቴጅ ማሠራት ነው፤ በ1,200 ቮልት የተሠራውን በ800 ከማሠራት ይልቅ በ600 ማሠራት የመቃጠሉን ዕድል እጅግ ይቀንሰዋል። እንግዲህ ደረጃዎቹ በቁጥር ይበዛሉ፤ ዋጋውም ጥቂት ይጨምራል።

ከፋብሪካ የሚመጣ ካታሎግ ግን ስለዚህ ሁሉ የሚናገረው በግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል ነው፤ «እስከ 1,000 ሜትር» ወይም «እስከ 2,000 ሜትር»። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ከሁለቱም በላይ ናቸው። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጀው መሐንዲስ ከፍታውን ካልጻፈ አቅራቢው የሚልከው በባሕር ዳርቻ የተፈተነውን ዕቃ ነው። ከፍታውን ከጻፈ ደግሞ ፈተናው ይለወጣል፤ በተለመደው ሥፍራ በ20 ኪሎ ቮልት የሚፈተነው የአየር ክፍተት፣ ለሱሉልታ የታሰበ ከሆነ በፋብሪካው አዳራሽ 24.4 ኪሎ ቮልት ተጭኖበት ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት ብልጭታ ሳያሳይ መቆም ይኖርበታል።